አባዬ የሰረዛቸው ኮሌጆች

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ኮሌጅ ማለት እህት የሚወስድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስማቸውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጠላትን ማወቅ ደግ ነው። ብራምሊ፣ ሎክሪጅ፣ ሴንት ኦዝዋልድ፣ ሃርትዌይ፣ ፌርሎው፣ ሌሎችም ነበሩ። እህቴ ሀጂራ በመስጊዱ የረመዳን የሰዓት ሰሌዳ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋቸዋለች። ውሃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ያፈጡብኝ ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ዱሉዝ ውስጥ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ነበር። አባዬ ጁነዲን ታክሲ ይነዳል፤ እማዬ ዓሊያ እዚያው አቅራቢያ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ሁለቱም ደሴ አጠገብ ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጆች ናቸው። ከሁለቱ መኝታ ቤቶች አንደኛው የእኔና የሀጂራ ነበር። እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነገር ግን የወላጅ ስብሰባ ሲኖር የምትመጣው እሷ፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ነጎድጓድ ሲጮህ ብርድ ልብሷን ገልጣ «ነይ ግቢ» የምትለኝም እሷ ነበረች። እማዬ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ ስለምትውል ቤት ስትገባ ወሬ አትወድም። አባዬ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሀጂራ ትሄዳለች ሲባል ለእኔ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩን ያመጣችው ትምህርት ቤቷ ያለችው አማካሪ ናት። ሀጂራ ጎበዝ ስለነበረች አማካሪዋ ትንንሽ ኮሌጆች ላይ እንድታመለክት መከረቻት፣ ሀጂራም አመለከተች፣ እነሱም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተው ተቀበሏት። አሁን ከተቀበሏት መካከል አንዱን መምረጥ ነው የቀራት። ወይም ደግሞ ሁሉንም ትታ መሀል አትላንታ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ማታ ማታ ቤቷ መጥታ ማደር። እኔ የምጸልየው ለዚህኛው ነበር።

ከእኛ ሰው መካከል ትንንሾቹን ኮሌጆች የሚያውቅ አልነበረም። ሐበሻ የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ የሚጫወተውን ነው።

«አባዬ፣ ላይክ፣ አንድ ክላስ ውስጥ አሥራ አምስት ልጅ ብቻ ነው ያለው» ትለዋለች ሀጂራ። «መጀመሪያ ሁሉንም ትማራለህ፤ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ሥዕል። ከዛ ነው ሜጀር ዲሳይድ የምታደርገው።»

«ሁሉን የተማረ ምን ሆኖ ይወጣል?»

«ሰው ሆኖ!»

ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ የአባዬ የታክሲ ጓደኛ፣ የደሴ ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስማይርና እየመጣ እኛ ቤት ሻይ ይጠጣል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ «ነርሲንግ የለውም?» አለ። የለውም ሲባል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው።» ያን ቀን ጋሽ ብርሃነመስቀልን እንዴት እንደወደድኩት!

አባዬ ግን ነቅንቆ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። መጠየቅ ጀመረ። የሚሠራው ኤርፖርት ላይ ስለሆነ ከየስቴቱ የሚመጣ ሰው ይጭናል፤ ተሳፋሪውን ሁሉ «ከወዴት ነህ? እንዲህ የሚባል ኮሌጅ ታውቃለህ?» እያለ ይመረምራል። ከዚያ እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ፍርዱን ይሰጣል።

«ሎክሪጅ በረዶው እስከ ጉልበት ነው አሉ። አንድ ሽማግሌ ጭኜ ነው፤ ሃያ ዓመት ኖሮበታል» ይልና እጁን ይዘረጋል። እስክርቢቶውን የማቀብለው እኔ ነኝ። ጫር!

በሚቀጥለው እሑድ፦ «ብራምሊ ሆስፒታሉ አንድ ሰዓት ይርቃል።» ጫር። «ሴንት ኦዝዋልድ ሐላል ሥጋ የለም። ልጅቱ አራት ዓመት እንቁላል ልትበላ ነው?» ጫር። «ሃርትዌይ ለመድረስ ሁለት አውሮፕላን መቀየር ነው።»

ሀጂራ መጀመሪያ መጀመሪያ ትከራከር ነበር። «አባዬ፣ በረዶ እኮ በጃኬት ያልፋል!» ኋላ ኋላ ዝም አለች። እኔ ደስታዬን ደብቄ እንቁላሌን እበላለሁ። አባዬ የእኔ ወገን ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሀጂራ እንዳትሄድ የምንፈልገው እኔና እሱ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር፤ እማዬማ ግድም የላት። ሀጂራ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ ምን አገባኝ። አባትሽ ያውቃል።» ይህን ብላ ሳህን ታነሣለች።

ዛሬ ሳስበው አባዬ አንዱንም ኮሌጅ ትምህርቱ ደካማ ነው ብሎ አልሰረዘውም። በረዶ፣ ሆስፒታል፣ ሥጋ፣ አውሮፕላን። እነዚህ ጥያቄዎች የማን እንደሆኑ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እስክርቢቶ የማቀበል ሥራ ይዣለሁ።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ሥጋ ቤት ገብታ እኔና አባዬ መኪና ውስጥ እንጠብቃታለን። አባዬ የሱቁን በር አየት አደረገና ስልኩን አወጣ። ፌርሎው ነበር የደወለው፤ ኦሃዮ ያለው። ሴትዮዋ ደጋግማ እንዲናገር አደረገችው፤ የአባዬ እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲሆን እጁን ስለሚጨምርበት ይገባል፣ ስልክ ላይ ግን ያስቸግረዋል።

«ልጄ ብትታመም ማን ያያታል?» አለ። ሰማ። «ሆስፒታሉስ? ... ከግቢው ፊት ለፊት? ጥሩ። ምግብ፣ ሐላል? ... በየቀኑ? ... ሌሎች ሙስሊም ሴቶች ልጆች አሉ? ከአትላንታ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ?» አንዱን ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሲጨርስ አመስግኖ ዘጋ፣ ለብቻው ሳቀ፣ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

እንዲህ ደስ ያለው ትልቅ እንከን ቢያገኝበት ነው ብዬ ከኋላ ወንበር ተንጠራራሁ። «አባዬ፣ ፌርሎውንም ልትሰርዘው ነው?»

በመስታወቱ አየኝ። «ዝም በይ፣ የኔ እናት። ይሄ የእኔና የአንቺ ነው።»

እማዬ ፌስታሎቿን ይዛ ወጣች፣ እሱም ወርዶ ተቀበላት። እኔ እስከ ቤት ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሄድኩት። ከአባቴ ጋር ምስጢር ነበረኝ፤ ምስጢሩ ምን እንደሆነ አለማወቄ ምንም አላጎደለብኝም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ከፌርሎው ሌላ ያልተሰረዘ አልነበረም። እስክርቢቶውን አቀበልኩት። አባዬ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሀጂራ አየችው፣ ፊቷ ፈካ፣ ቶሎ ደግሞ ፈራች። «ምንድነው? ይሄኛው ... ኦኬ ነው?»

አባዬ እማዬን አያት። እማዬ ሻዩን እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። «እኔን ምን ታየኛለህ» አለችው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ተነሥታ ሄደች።

አባዬ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ። «አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «እዚሁ ትማሪያለሽ። አለቀ።»

«ታዲያ ለምን አንጠልጥለህ አቆየኸኝ ይሄን ያህል ጊዜ?» ሀጂራ ጮኸች። በአባዬ ላይ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ከመጀመሪያው እንድሄድ አትፈልግም ነበር! እማዬ ምንም አላለችም፣ አንተ ብቻ ነህ! አንተ!»

እሷ ክፍላችን ገብታ በሩን ዘጋችው። እኔ አባዬ አጠገብ ቀርቼ እጁን ያዝኩት። አሸንፈናል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ከተዘጋው በር አልነቀለም፣ ስለጮኸችበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌዎች ቤታችን የመጡት በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ነው። ያን ቀን አባዬ ቀድሞ ከሥራ ገብቶ ጀለቢያውን ለብሶ ተቀምጧል፤ ሳምቡሳም ገዝቷል፣ የአራት አምስት ሰው ሳምቡሳ። በሩ ሲንኳኳ «ማን ይሆን?» አለ፤ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ሁሉ።

በሩ ላይ የመስጊዱ ሐጂ ጀዕፈርና ጋሽ ብርሃነመስቀል ቆመዋል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ነጠላ ለብሷል። ነጠላ ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው የቅርጫት ኳስ ኮፍያውን ነው።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለ አባዬ ተነሥቶ።

«የመጣንበትን እሺ ካሉን እንቀመጣለን» አለ ጋሽ ብርሃነመስቀል። እርስዎ አለው! ትናንት «አንተ ሌባ» እያለው ካርታ ሲጫወት የነበረው ሰው። «ካልሆነ ግን ቆመን መጥተናል፣ ቆመን እንመለሳለን።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፉት የለም፤ የያዙት አለ» አሉ ሐጂ ጀዕፈር። «ልጃችንን ሀጂራን ይዘዋል። እንዲለቋት ልንለምን መጣን።»

የአገሬ ሰው ሽማግሌ የሚልከው መቼ እንደሆነ ከሠርግ ቪዲዮ አውቃለሁ። ሀጂራን ሊድሯት ነው! ከሶፋው ኋላ ሆኜ ባልየው ማን እንደሆነ እስኪናገሩ ጠበቅኩ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግራ እጁን ገልጦ መዳፉን አየና «ወደ ... ፌርሎው ኮሌጅ» አለ። መዳፉ ላይ በእስክርቢቶ ተጽፏል። በሰማያዊ።

እኔ ሀጂራ ናት የላከቻቸው ብዬ ደመደምኩ። እሷም ከክፍሏ ወጥታ አፏን ይዛ ስታያቸው፣ የትምህርት ቤቷ አማካሪ የላከቻቸው መስሏት ነበር፤ ለብዙ ዓመትም እንደዚያ ነበር የምታምነው። ግን ፌርሎው የሚለውን ስም በአማርኛ ፊደል፣ «ፌ»ዋን ጭራ አብዝቶ የሚጽፍ ሰው በዚያ ቤት አንድ ብቻ ነው።

ሐጂ መናገር ቀጠሉ። ሆስፒታሉ ከግቢው ፊት ለፊት እንደሆነ ተናገሩ። ሐላል ምግብ በየቀኑ እንዳለ፣ የሙስሊም ሴቶች ልጆች ማኅበር እንዳለ፣ አውሮፕላኑ ከአትላንታ በቀጥታ እንደሚበር፣ ጠዋት የናፈቀች እናት ለምሳ እንደምትደርስ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የሰማውን ሁሉ ራሱ ስልክ ደውሎ እንደጠየቀው እኔ አውቃለሁ፤ ግን እንከን ፍለጋ ነበር ብዬ ስላሰብኩ፣ እነዚህ ሰዎች መልሱን ሁሉ ይዘው መምጣታቸው ነበር የገረመኝ። ምስኪን አባዬ፣ ብዬ አዘንኩለት። ብቻውን ነው።

ሐጂ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆመው ሲናገሩ እግራቸውን እየቀያየሩ ነበር፣ አባዬም ያን እያየ ይቁነጠነጣል። «ሐጂ፣ በአላህ ይቀመጡ።»

«እሺ በለና እቀመጣለሁ!» አሉ ሐጂ፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋባቸው።

«እሺ» አለ አባዬ። «እናንተን አላሳፍርም። እሺ።»

ግን አልተቀመጡም። ሁለቱም ወደ ኩሽናው በር ዞሩ። እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች እዚያ ቆማለች። «ዓሊያ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባወራሽ እሺ ብሎናል። አንቺስ? ያንቺ እሺታ ሳይኖር ብትሄድ መንገዱ አይቀናትም።»

እማዬ እጇን መጥረጓን አላቆመችም። አባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ እያያት ነው፤ ያን ጊዜ ያየሁበትን ዓይን ሌላ ጊዜ አይቼበት አላውቅም። «እሱ እሺ ካለ» አለች እማዬ፣ «ሽማግሌም ከለመነ፣ እኔ ምን እላለሁ። ትሂድ።»

ሐጂ ተቀመጡ። ሳምቡሳው ወጣ፣ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ጋሽ ብርሃነመስቀልም አሜን አሜን እያለ ነጠላውን አስተካከለ። ሀጂራ የሁለቱን ጉልበት ሳመች፣ የእማዬን አንገት አቅፋ አለቀሰች። አባዬን ግን እጁን ብቻ ነው የጨበጠችው። አባዬም ጨበጣት፣ በሁለት እጁ።

ነሐሴ ላይ አባዬ በራሱ ታክሲ ኦሃዮ ድረስ ወሰዳት። ጠዋት ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆሜ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ አየሁ፣ ከወጣም በኋላ አልተነሣሁም። እማዬ ከውስጥ ጠራችኝ። ክፍላችን ውስጥ የሀጂራን አንሶላ እያጠፈች ነበር። «ነዒማ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለችኝ። አልሄድኩም። እሷ ምን አለባት፣ ትሂድ ብላ የለ? እኔ የምጠብቀው አባዬን ነው፤ የሀጂራ ናፍቆት የሚገባው እሱ ነው። በማግስቱ ሲመለስ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «አይዞህ፣ አባዬ» አልኩት። ያኔ ነው ያለቀሰው። መኪና ማቆሚያው መሀል ቆሞ፣ እኔን ተሸክሞ፣ ሲንሰቀሰቅ ጎረቤት ያየዋል። እንድትሄድ የፈለገ ሰው አይናፍቅም ያለው ማነው? እሱ ግን ያለቀሰው በማሸነፉም ጭምር እንደነበር ያኔ በምን አውቄ።

ያን ዓመት ክፍሉ ለብቻዬ ሆነ። ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር የሀጂራን አልጋ አያለሁ፤ አንሶላው ተጣጥፎ፣ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

ዘንድሮ ለዒድ ሀጂራ ከባሏና ከልጇ ጋር ከኦሃዮ መጣች። እዚያው ፌርሎው አጠገብ ነው የምታስተምረው። ምሳ ላይ እንደ ልማዷ አባዬን ነካካችው። ለልጇ ነው የምትነግረው፦ «አያትህ እኮ፣ ሽማግሌ ባይላክበት ኖሮ እናትህን አስሮ ሊያስቀራት ነበር! ሁሉንም ሰርዞ ሰርዞ! እኔ ለሁለት ዓመት በደንብ አላናገርኩትም።»

አባዬ ሳቀ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። «እውነቷን ነው» አለ። «ግትር ነበርኩ።»

እማዬ ሳህን አንሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ውሃውን ከፍታ ቆማለች፤ የምታጥበው ነገር የለም።

«እሱ አይደለም» አለችኝ ሳትዞር። «አንድም ቀን አትሂድ አላለም። እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት እየለመንኩት፣ 'በረዶ አለ፣ ብትታመምስ፣ ምን ትበላለች' እያልኩ። እሱ ደግሞ እየሄደ መልስ ይፈልግልኛል። መልስ የሌለውን ይሰርዘዋል።» ውሃውን ዘጋችው። «እኔ እናቴን ለሁለት ዓመት ነው ብያት ነው ከሐይቅ የወጣሁት። ዳግመኛ አላየኋትም፣ ነዒማ። ልጅ ከቤት ከወጣ እንደሚመለስ እኔ በምን ልወቅ?»

«ታዲያ እሱ ለምን እኔ ነኝ አለ?»

«'አባቷን ትቀየም' አለኝ። 'አባትን ይቀየሙታል፣ ይታረቁታል። እናቷን ተቀይማ የሄደች ልጅ ግን ቤቷን ምን ብላ ትናፍቃለች?' ሽማግሌውን የላከውም ራሱ ነው፣ በራሱ ላይ። እኔ የሽማግሌ ቃል እንደማልሰብር ያውቃላ!» ለመሳቅ ሞከረች። «ዛሬ ለሀጂራ እነግራታለሁ። ይበቃዋል።»

ከሳሎን የአባዬ ሳቅ ይሰማል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር አፌ ላይ የመጣው። «እማዬ፣ እኔም እኮ እንድትቀር ነበር የምፈልገው። በየቀኑ ዱዓ አደርግ ነበር። አንቺ ግን ግድ ያለሽ አይመስለኝም ነበር።»

ዞረች። ፊቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታይ ሆና አየችኝ።

«አንቺ? አንቺማ ክፍሉ ለብቻሽ ሆነ ብለሽ ደስ ያለሽ መስሎኝ! ስጠራሽ አትመጪ፣ ከአባትሽ አትለዪ...» እርጥብ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ እንዳታዪኝ ብዬ ያን ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ሽንት ቤት ውስጥ ነው ያለቀስኩት። ምነው በነገርሽኝ፤ እቤታችን፣ አንቺን አቅፌ አለቅስ ነበር።»